መጦሪያ ያሉ አረጋውያን በእግራቸው እንዲቆዩ፦ ከማድ ቤት የሚጀምር ሥራ

ሥራዬ ጅማ ከተማ ባለ አንድ መጦሪያ ምግብ ማብሰልና ማብላት ነው። ጠያቂ ሲመጣ "ምን ይበላሉ?" ይለኛል፤ "ራሳቸው ከወንበር ይነሳሉ?" የሚል ግን ጥቂት ነው። እኔ ሁለቱን ለይቼ አላያቸውም።

ከመለካት ጀምሩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸው መሬት ሲረግጥ ባታቸውን ወፍራሙ ቦታ ላይ ለኩ። ከ31 ሳንቲሜትር ካነሰ ጡንቻቸው መሳሳቱን ጠርጥሩ። እግር ካበጠ ግን ሜትሩም ሚዛኑም ይዋሻሉ፤ ሐኪም ይያቸው። በወር አንዴ መዝኑ፣ ጋቢውን አስወልቃችሁ። በጅማ ክረምት ጋቢ ደርቦ የተመዘነ ሰው መክሳቱ አይታወቅም። በ3 ወር ውስጥ ከ3 ኪሎ በላይ የቀነሱትን "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፏቸው።

ቀጥሎ ቁርስ። ሻይ በዳቦ ረሃብ ያስታግሳል እንጂ ለጡንቻ የሚተርፈው ትንሽ ነው። አረጋዊ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 50 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ50 እስከ 60 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ አለው። ስለዚህ የምሳው ሽሮ ብቻውን አይሞላውም፤ ሦስቱም ማዕድ ላይ ይከፋፈል። ኩላሊት የሚያማቸው ካሉ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

በውኃ የቀጠነ አጥሚት አልወድም። በወተት ሥሩት። ጥርስ ለሌላቸው ምንቸት አብሽ፣ ለስለስ ያለ እንቁላል ፍርፍር፣ በወፍራም ሽሮ የራሰ ፍትፍት፣ እርጎ። አቮካዶ እዚህ እንደ ልብ ነው፣ ለከሳ ሰውም ጥሩ ነው፤ እንቁላሉን ግን አይተካም። ተኝተው አታጉርሷቸው። ሲጠጡ ደጋግሞ ትን የሚላቸው ካሉ ለሐኪም ንገሩ።

ቡና ይቅርባቸው የሚሉ አሉ። ጅማ ላይ ተቀምጦ! ቡና ከሽሮና ከጎመን የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚያውክ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቅ እንጂ አይቅር። እኔ ረከቦቱን የምዘረጋው በረንዳው ጫፍ ላይ ነው። መራመድ የሚችል ሁሉ መጥቶ ይጠጣል፤ ወደ አልጋ ስኒ አልወስድም። አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪፈላ "እስቲ አባባ፣ እንነሳ" እላለሁ። ከዚያ መነሳትና መቀመጥ ነው። በረካ ሲደርስ እንደገና።

ለዚህ የጅማ በርጩማ አይሆንም፤ ውበቱ ሌላ፣ ዝቅታው ሌላ። 45 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ ያለው ወንበር ከግድግዳ አስጠግታችሁ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ ይነሱ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባቸው እግራቸው ደክሟል። እጅ ሳይደገፉ መነሳት ያቃታቸው የወንበሩን ክንድ ይዘው ይለማመዱ። አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም፤ ካዞራቸው ወይም ደረታቸውን ከያዛቸው ልምምዱን ወዲያው ያቁሙ።

ጾም ላይ አትከራከሯቸው። ቤታችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፤ በሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ማቅለያ አለ። ግን ከእኔ አፍ ሳይሆን ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሼሁ ሲሰሙት ይቀበሉታል። እጾማለሁ ላሉት ምስር፣ ሽሮና ኦቾሎኒ አብዙላቸው። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጾሙ ሳይገባ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ጨርሱ።