ፓምፑ ቶሎ ቶሎ ሲበራና ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፓምፕና ሮቶ ያለው ግቢ ብዙ ነው። ሮቶው ውስጥ ያለው ውኃ ቀስ እያለ ይሞላል፣ ቀስ እያለ ይጎድላል። ፓምፑ ግን ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፤ መሀል የለውም። ሁለቱ ሲጣመሩ በምህንድስናው ሃይብሪድ ሥርዓት ይባላል። ብልሽቱ ብዙ ጊዜ ያለው ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነውና ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት እዚያ ፈልጉ።

ምልክት፦ ኮንታክተሩ (ሞተሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ማብሪያ) ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ሞተሩ ይግላል።

ምክንያት፦ ፓምፑ የሚበራበትና የሚጠፋበት የውኃ ከፍታ አንድ ነው። ውኃው በተናወጠ ቁጥር ትዕዛዙ ይገለበጣል።

መፍትሄ፦ ሁለቱን ከፍታዎች አራርቁ። ምን ያህል? በግምት አትሥሩ፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ፓምፑ በደቂቃ የሚገፋውን ሊትር፣ ከአንዱ መነሳት እስከ ቀጣዩ እንዲቆይ በምትፈልጉት ደቂቃ አባዙና ለ4 አካፍሉ። ፓምፑ በደቂቃ 40 ሊትር የሚገፋ ከሆነና 10 ደቂቃ ከፈለጋችሁ፣ ከሁለቱ ከፍታዎች መሀል የሚኖረው ውኃ 40 × 10 ÷ 4 = 100 ሊትር ነው። 4 ከየት መጣ? ፓምፑ በጣም ቶሎ ቶሎ የሚነሳው ፍጆታው ከሚገፋው ግማሽ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ 100 ሊትሩ በ5 ደቂቃ ይሞላል፣ በ5 ደቂቃ ያልቃል። በሌላ ፍጆታ ጊዜው ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

ብልሽቱ በኅዳር ውርጭ፣ ያውም ጠዋት ጠዋት ብቻ ከታየ የውኃውን ከፍታ በግፊት ወደሚለካው ሴንሰር የሚሄደው ቀጭን ቱቦ በረዶ ሠርቶ ይሆናል። ቱቦውን ሸፍኑት።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፓምፑ አንዴ ይነሳል፣ አንዴ ዝም ይላል።

ምክንያት፦ ውኃው ከሁለቱ ከፍታዎች መሀል ሲሆን ከፍታው ብቻውን መልስ አይሰጥም። እየሞላ ነበር ወይስ እየጎደለ? ኮንትሮለሩ (ለፓምፑ ትዕዛዝ የሚሰጠው መሣሪያ) ይህን ካላስታወሰ ግራ ይገባዋል።

መፍትሄ፦ መነሻውን እናንተ ወስኑለት። እኔ የምመርጠው ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ በታይመር ጠብቆ መሙላት እንዲጀምር ነው። ላይኛው ከፍታ ራሱ ያቆመዋል። ጉድጓዱ የሚደርቅ ከሆነ ግን መጀመሪያ የደረቅ መከላከያ (ውኃ ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋ) ይገጠምለት።

የመጨረሻው ከባድ ነው። አንድ ፓምፕ በቫልቭ ሁለት ሮቶ ተራ በተራ ይሞላል፤ ቫልቩ የሚዞረው ታችኛው ከፍታ ላይ ወደ ደረሰው ሮቶ ነው። ብልሽቱ ሲመጣ ቫልቩ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ይገላበጣል። ምክንያቱ ከሁለቱ ሮቶዎች የሚወጣው ድምር ፓምፑ ከሚያስገባው መብለጡ ነው። ሁለቱም ወደ ታችኛው ከፍታ ስለሚጠጉ ተራው እያጠረ ይሄዳል። በሲሙሌሽን (በኮምፒውተር አስመስላችሁ) ብትሞክሩት መገላበጡ ማለቂያ ስለሚያጣ የሲሙሌሽኑ ሰዓት አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ የዜኖ ክስተት የሚባለው ይህ ነው። ቫልቩ አንዴ ከዞረ ለ5 ደቂቃ እንዳይመለስ ብታደርጉ ቫልቩ ይተርፋል፣ ውኃው ግን አይጨምርም። ወይ ፍጆታውን ቀንሱ፣ ወይ ጉድጓዱ ከቻለ የሚበልጥ ፓምፕ አስገቡ።