«የዣን ዳርክ ሕማም»ን ስታዩ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ዴንማርካዊው ካርል ድራየር እ.ኤ.አ. በ1928 ለእይታ ያበቃውን ይህን ድምፅ አልባ ፊልም ብዙ ሰው ይጀምርና ይተወዋል። በጣም ያሳዝነኛል።

ጦርነት መጠበቅ

ዣን እንግሊዞችን የተዋጋች ፈረንሳዊት ወጣት ናት፤ ግን ፈረስ ላይ ሆና ስትዋጋ አታዩም። ፊልሙ የሚጀምረው ከተያዘች በኋላ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዳኞች እሷን የከሰሱበትን የ1431 የችሎት መዝገብ ይዞ፣ ወራት የፈጀውን ክርክር አንድ ቀን አስመስሎ ጨምቆታል።

«የድሮ ተዋንያን ያጋንናሉ» ብሎ መደምደም

እስቲ ዣንን ሆና የምትጫወተውን ረኔ ፋልኮኔቲን እዩአት። ድራየር ተዋንያኑን ያለ ሜካፕ ነው የቀረጻቸው፤ የዳኞቹ የቆዳ ሽብሽብ፣ የእሷ የደረቀ ከንፈር፣ እንባዋ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስትላጭ የሚረግፈው የገዛ ፀጉሯ ነው። እስር ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ቦታ አለ፦ የመስኮቱ ብረት ወለሉ ላይ የመስቀል ጥላ ይጥላል፣ እሷም አይታው ፊቷ ይፈካል፣ ወዲያው ወዳጅ መስሎ ሊያታልላት የመጣው ቄስ ይገባና ጥላው ላይ ይቆማል። አለቀ። ማንም ምንም አላለም፣ እናንተ ግን ምን እንደሚመጣባት ገብቷችኋል። ስልክ እየነካካችሁ ከሆነ ግን አመለጠቻችሁ።

የካሜራውን ሥራ እንደ ጉድለት መቁጠር

ማን ከማን ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ግራ ይገባችኋል። ሆን ተብሎ ነው፤ እሷም ግራ ገብቷታላ! ድራየር ዳኞቹን ከታች ወደ ላይ ለማሳየት መሬት አስቆፍሮ ካሜራውን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቷል። ለቀረጻው ብዙ ገንዘብ የወጣበት ትልቅ ግንብ ተሠርቶለት ነበር፣ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየን ፊትና ከጀርባው ያለውን ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ወጪ ትቶ አንዲት ሴት ፊት ላይ መቆየት ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ድራየርን የምወደው ለዚህ ነው።

ያገኙትን ቅጂ ከፍቶ ማየት

ዋናው ኔጌቲቭ (ቅጂዎች የሚባዙበት የመጀመሪያው የቀረጻ ፊልም) በ1928 በርሊን ውስጥ ተቃጥሏል። ለዓመታት ሰው ያየው የተቆራረጠ ወይም ከሌላ ቀረጻ የተገጣጠመ ነበር። በ1981 ግን በኖርዌይ፣ ኦስሎ አቅራቢያ፣ አንድ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ውስጥ ለመጀመሪያው ቅርብ የሆነ ቅጂ ተገኘ። ከዚያ የታደሰውን ፈልጉ።

ሙዚቃው እየመራችሁ ማየትም ጥሩ አይደለም። መጀመሪያ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት፣ አቀናባሪው ሪቻርድ አይንሆርን ከብዙ ዓመታት በኋላ የጻፈውን፣ ከፊልሙ ጋር የሚሰማውን ሙዚቃ ለሁለተኛው ዙር አቆዩት።