የዱቤ መዝገብ በኤስኪውኤል፦ ድምሩ የሚዛባበት ቦታ

ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የሕንፃ መሣሪያ መደብርን አስቡ። ሲሚንቶና ፌሮ በዱቤ ይወጣል፣ ገንዘቡ ተቆራርጦ ይገባል። የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ሰሌክትንና ግሩፕ ባይን ተምሮ ለጨረሰ ሰው ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አናውቅም። ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ላፕቶፕ ላይ ጫኑ፤ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ደንበኛ፣ ሽያጭ፣ ክፍያ የሚባሉ ሦስት ቴብሎች ፍጠሩ። የብሩ ዓምድ ኑሜሪክ (ትክክለኛ አሥርዮሽ) ይሁን፤ ፍሎት (ግምታዊ አሥርዮሽ) ሳንቲም ያዛባል።

የመጀመሪያው ወጥመድ ጆይን፣ ማለትም ቴብሎችን ማገናኘት ነው። አንድ ደንበኛ በ3 ጊዜ የ90,000 ብር ዕቃ ወስዶ በ2 ጊዜ 50,000 ከፍሏል እንበል። ሦስቱንም ቴብሎች በአንድ ጊዜ ጆይን ካደረጋችሁ እያንዳንዱ ሽያጭ ከእያንዳንዱ ክፍያ ጋር ስለሚጣመር 6 ረድፍ ይወጣል። ሽያጩ 180,000፣ ክፍያው 150,000፣ ዕዳው 30,000 ይሆናል። ትክክለኛው 40,000 ነው። ኩዌሪው ስሕተት አይልም፣ ቁጥሩም የሚታመን ይመስላል፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው ሽያጭን ለብቻ፣ ክፍያን ለብቻ በደንበኛ ደምሮ በዊዝ (ስም የተሰጠው ጊዜያዊ ውጤት) ማስቀመጥ፣ ከዚያ ሁለቱን ከደንበኛ ጋር፣ ተጣማሪ የሌለውን ደንበኛም በማይጥለው ሌፍት ጆይን ማገናኘት ነው። ምንም ያልከፈለ ሰው ክፍያው ነል (ባዶ) ስለሚሆን ዕዳውም ነል ሆኖ ይጠፋል፤ ኮአለስ ተጠቅማችሁ ወደ 0 ቀይሩት። ድምር ከመጻፋችሁ በፊት ሁልጊዜ «አሁን አንድ ረድፍ የሚወክለው ምንድን ነው?» በሉ።

ቀጥሎ በየቀኑ የሚለዋወጠው ቀሪ ዕዳ። ሽያጭን በመደመር፣ ክፍያን በመቀነስ ምልክት አድርጋችሁ ረድፎችን ከላይ ወደ ታች በሚደራርበው ዩኒየን ኦል አንድ ላይ አምጡ። «ኦል»ን ከረሳችሁና መለያ ቁጥሩን ካላካተታችሁ በአንድ ቀን የገቡ ሁለት እኩል ክፍያዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ከዚያ እያጠራቀመ እንዲደምር ሰም ከኦቨር ጋር (ይህ ዊንዶው ፈንክሽን ይባላል)፦ ፓርቲሽን ባይ ደንበኛ፣ ኦርደር ባይ ቀን። ጠዋት የ12,000 ብር ዕቃ ወስዶ ከሰዓት 10,000 ከከፈለ ግን ሁለቱም ረድፎች አንድ ዓይነት ቀሪ ያሳያሉ፤ ሳትነግሩት የሚጠቀመው ሬንጅ የተባለ የድምር ወሰን እኩል ቀን ያላቸውን በአንድነት ስለሚደምር ነው። በምትኩ ረድፍ በረድፍ የሚደምረውን ሮውስ ብላችሁ ጻፉ፤ ኦርደር ባዩም ላይ ከቀን ቀጥሎ የመዝገቡን ዓይነትና መለያ ቁጥር ጨምሩ። ቀሪው ከ50,000 በላይ የሆነውን ብቻ ለማውጣት ዌር ውስጥ ዊንዶው ፈንክሽን አይገባም፣ ዌር ቀድሞ ስለሚሠራ። ሙሉውን በዊዝ ጠቅልላችሁ ከውጭ አጣሩ።

ወርሃዊ ሪፖርት ላይ ቀንን በወር የሚመድበው ዴት ትራንክ የሚቆርጠው በፈረንጆች ወር ነው። ባለሱቁ የጥቅምትን ሲጠይቅ የኦክቶበርን መስጠት ሒሳብ ያጣላል። ቋሚ ቁጥር መደመርም አያዋጣም፤ መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11፣ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ደግሞ በማግሥቱ 12 ላይ ይውላል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ ያለው፣ 13ቱንም ወራት የያዘ የቀን ቴብል ሠርታችሁ በእሱ ጆይን አድርጉ።

የ2017 በጀት ዓመትን ስታወጡ ቀኑን በፈንክሽን አትጠቅልሉት፤ ቀኑ ላይ ያለው ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥን ማውጫ) አይሠራም። ከጁላይ 8 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ከጁላይ 8 ቀን 2025 በፊት ብላችሁ ወስኑ። ኩዌሪው እንዴት እንደተሠራ በሚያሳየው ኤክስፕሌይን አናላይዝ ስትፈትሹ ጥቂት መቶ ረድፍ ላይ ሴክዌንሺያል ስካን (ቴብሉን በሙሉ ማንበብ) ማየት ችግር አይደለም። ተከታታይ እሴቶችን በሚፈጥረው ጄኔሬት ሲሪስ ብዙ ዓመታትን የሚሸፍን 1,000,000 ረድፍ ሞልታችሁ፣ የቴብሉን ስታቲስቲክስ በሚያድሰው አናላይዝ ትእዛዝ አድሳችሁ፣ እንደገና ሞክሩት።