መኪና ለመግዛት ነጥብ ስትሰጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ግዢ መኪና ነው። የዓመታት ቁጠባ፣ የዕቁብ ገንዘብ፣ አንዳንዴም ከዘመድ የተበደሩት ተደምሮ በአንድ ቀን ከእጅ ይወጣል። ውሳኔው ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ደላላ አጠገብ ቆሞ፣ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» እየተባለ ነው። ቀብድ ይከፈላል፤ ማሰብ የሚጀመረው ቤት ከተገባ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወረቀት አውጥቶ፣ መስፈርት ጽፎ፣ ነጥብ ደምሮ የሚወስን ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። መስፈርቶቹን ወደ ታች ትደረድራላችሁ፣ መኪኖቹን ወደ ጎን። ለእያንዳንዱ መስፈርት ከ100 ተከፋፍሎ የሚደርሰውን ክብደት ትሰጣላችሁ። ለእያንዳንዱ መኪና ከ0 እስከ 10 ነጥብ ትሰጣላችሁ። ነጥቡን በክብደቱ አባዝታችሁ ትደምራላችሁ። በቃ።

ችግሩ ሰንጠረዥም ይሳሳታል። ሲሳሳት ደግሞ ከደላላው ይብሳል፣ ምክንያቱም ቁጥር ስላለበት ማንም አይከራከረውም። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚገዛ ቤተሰብን ይዤ በብዛት የሚሠሩትን ስህተቶች ላሳያችሁ።

መኪናውን አይቶ መስፈርት ማውጣት

ይህ ከሁሉም ቀድሞ የሚመጣው ስህተት ነው። ሰውየው አንድ መኪና አይቷል፣ ልቡ ሄዷል። ከዚያ ቤቱ ገብቶ መስፈርት ሲጽፍ «ትልቅ ስክሪን»፣ «የኋላ ካሜራ»፣ «ዘመናዊ ቅርፅ» የሚሉት ተራ በተራ ይመጣሉ። መስፈርቱ ያን መኪና እያየ ስለተጻፈ ያ መኪና ማሸነፉ አይቀርም።

መስፈርትና ክብደት መጻፍ ያለባችሁ አንድም መኪና ሳታዩ ነው። መነሻው ማስታወቂያ ሳይሆን የራሳችሁ ሳምንት ይሁን። ጠዋት ልጆች የት ይደርሳሉ? ሥራ ቦታ ስንት ኪሎሜትር ነው? በዓል ሲመጣ ክፍለ ሀገር ትሄዳላችሁ? ሰፈራችሁ መግቢያው ኮብልስቶን ነው ወይስ ክረምት ላይ ጭቃ?

ይህን ስትጽፉ አንዳንዱ ትልቅ የመሰላችሁ ነገር ይቀንሳል። ቢዋይዲ ሲጋል የተባለችውን ትንሿን የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና እንውሰድ። ትልቁ ባትሪው 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በቻይና መለኪያ በአንድ ሙሌት 405 ኪሎሜትር ይሄዳል ይባላል። ያ መለኪያ ከአውሮፓው ይልቅ ለመኪናው የሚያደላ ስለሆነ በእውነተኛው መንገድ የምታገኙት ያንሳል። ግን በቀን የምትነዱት 40 ኪሎሜትር ከሆነ 405 ሆነ 300 ምን ለውጥ አለው? በተቃራኒው በየሁለት ሳምንቱ ደሴ የሚመላለስ ሰው ለዚህ መስፈርት ትልቅ ክብደት ቢሰጥ ልክ ነው።

የማይታለፈውን ነገር በነጥብ መመዘን

በመደመር የሚሠራ ሰንጠረዥ አንድ ትልቅ ድክመት አለበት፦ አንዱ ጥሩ ነገር የሌላውን ጉድለት እንዲሸፍን ይፈቅዳል። አንዳንድ ጉድለት ደግሞ በምንም አይሸፈንም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው የሚመርጠው በአዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖችና ቀድመው በገቡ ያገለገሉ የነዳጅ መኪኖች መካከል ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ሲመዝን ኤሌክትሪኩ ለወር ወጪ 9፣ ለአዲስነት 10፣ ለምቾት 9 ያገኛል። «ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ» ላይ 1 ያገኛል። ድምሩ አሁንም ያሸንፋል። ሰውየው መኪናውን ገዝቶ ግቢው ውስጥ ገመድ የሚስብበት ቆጣሪ የለውም፤ የኮሚቴውም ፈቃድ የለውም። ያ 1 ነጥብ መሆን አልነበረበትም። ከመጀመሪያው መኪናውን ከዝርዝር የሚያስወጣ «የለም» መሆን ነበረበት።

ቦታ ቢኖርም ሂሳቡን ሥሩት። የተለመደው የቤት ሶኬት በ220 ቮልት 10 አምፔር ቢሰጥ 2.2 ኪሎዋት ነው። 38.88ቱን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ17 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በቀን 40 ኪሎሜትር ለሚነዳ ግን ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ለአንዱ ቤት የማይታለፍ የሆነው ነገር ለሌላው ምንም አይደለም። ስለዚህ የማይታለፉትን ዝርዝር ከሰው መቅዳት አይቻልም።

ለሁሉም የሚሠሩ የማይታለፉ ነገሮችም አሉ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት መጣራት አለበት። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ የቀረጡ ጉዳይ ስም ከመዛወሩ በፊት ማለቅ አለበት። እነዚህ ላይ ነጥብ አይሰጥም። ወይ ያልፋል፣ ወይ ይወድቃል። ሰንጠረዡ ውስጥ መግባት ያለበት ያለፈ መኪና ብቻ ነው።

የዋጋን ክብደት ልዩነቱን ሳያዩ መስጠት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጠንቃቃ ሰው ራሱ የሚወድቅበት ቦታ ነው።

«ለአንተ ከሁሉ የሚበልጠው ምንድን ነው?» ሲባል ሰው ሁሉ «ዋጋ» ይላል። 40 ይሰጠዋል። ለመለዋወጫ ደግሞ 15። አሁን ሦስት መኪኖች ቀርበዋል እንበል፦ አንዱ 2.4 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 2.5፣ ሦስተኛው 2.6። ርካሹ 10 ያገኛል፣ መካከለኛው 5፣ ውዱ 0። ርካሹ ከዋጋ ብቻ 400 ነጥብ ይዞ ይነሳል፣ ውዱ ባዶውን። በመለዋወጫ ግን ውዱ 10፣ ርካሹ 3 ነው እንበል። በክብደቱ ሲባዛ 150 ለ45 ይሆናል። ልዩነቱ 105 ብቻ ነው። የዋጋው 400 ይውጠዋል።

ምን ሆነ? 200 ሺህ ብር፣ ማለትም ከመቶ ስምንት ገደማ የዋጋ ልዩነት፣ ለዓመታት መለዋወጫ ፍለጋ ከመንከራተት አራት እጥፍ ገደማ ከበደ። ሰውየው እንዲህ ማለት አልፈለገም። እሱ ያለው «ዋጋ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው» ብቻ ነው። ዋጋ በአጠቃላይ ትልቅ ነገር መሆኑ እውነት ነው። በእነዚህ ሦስት መኪኖች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ግን ትልቅ አይደለም። ክብደት የሚሰጠው ለልዩነቱ ነው።

መፍትሔው ይህ ነው። ከቀረቡት መኪኖች መካከል በሁሉም መስፈርት የመጨረሻውን ውጤት የያዘ አንድ መኪና በሐሳባችሁ ሥሩ፦ ውዱ ዋጋ፣ መለዋወጫ የሌለው፣ ሲሸጥ የማይፈለግ። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ «ከእነዚህ አንዱን ብቻ ወደ ጥሩው መቀየር ብችል የትኛውን አስቀድማለሁ?» መለዋወጫውን ካላችሁ ትልቁ ክብደት የእሱ ነው። ቀጥሎ የትኛውን? እያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። የመጀመሪያውን 100 በሉት፣ ሌሎቹን ከእሱ አንፃር ገምቱ፣ መጨረሻ ላይ ድምሩን ከመቶ አውጡት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ውጤቱን ግን ሙሉ በሙሉ ሊቀይረው ይችላል።

እዚህ ጋ አስተውሉ፦ ይህኛውን ክብደት መኪኖቹ ከታወቁ በኋላ ነው የምታስተካክሉት። ከላይ «ሳታዩ ጻፉ» ካልኩት ጋር አይጣላም። መስፈርቱን አትነኩም። የምትመለከቱትም ዋጋውና ሌሎቹ ቁጥሮች የት ጀምረው የት እንደሚያበቁ ብቻ ነው፤ የትኛው ቁጥር የየትኛው መኪና እንደሆነ እየሸፈናችሁ ብትሠሩት ይሻላል።

አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ መቁጠር

«የነዳጅ ፍጆታ»፣ «የሞተር ሲሲ»፣ «የወር ወጪ»። ሦስት መስፈርት ይመስላሉ፣ አንድ ናቸው። ሦስቱንም ከጻፋችሁ 1000 ሲሲዋ ቪትዝ በአንድ ጥሩነቷ ሦስት ጊዜ ትሸለማለች። አንዱን አስቀሩ።

ነጥቡ ምን ማለት እንደሆነ አለመወሰን

ለአንዱ ሰው 7 «አሪፍ» ነው፣ ለሌላው «ምንም አይልም»። ባልና ሚስት አብረው ሲሞሉማ እያንዳንዱ ቁጥር ክርክር ይሆናል። ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት 10፣ 5 እና 0 ምን እንደሆኑ በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ መለዋወጫ ላይ፦ 10 ማለት ሶማሌ ተራ ሄጄ በዕለቱ አገኛለሁ፣ የሰፈሬ መካኒክም ይገጥመዋል። 5 ማለት በትዕዛዝ ነው፣ ሳምንታት ይፈጃል። 0 ማለት ከውጭ ሰው ካላመጣልኝ የለም። እንዲህ ከተጻፈ በኋላ ኮሮላ ስንት፣ የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና አይዲ ፎር ስንት የሚለው ብዙ አያከራክርም።

ነጥቡንም በመኪና ሳይሆን በመስፈርት ስጡ። መጀመሪያ የሁሉንም መኪና መለዋወጫ፣ ከዚያ የሁሉንም ምቾት፣ እንዲያ እያላችሁ። አንዱን መኪና ይዛችሁ ከላይ እስከ ታች ከሞላችሁት የወደዳችሁት መኪና ፍሬኑም፣ ጎማውም፣ ወንበሩም ያምርላችኋል። መኪናውን የሚነዱት ሁለት ሰዎች ከሆኑ ደግሞ ለየብቻ ይሙሉና በኋላ ያስተያዩ። በጣም የተለያዩበት ረድፍ ላይ ቁጭ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም።

የመግዣውን ዋጋ ሙሉ ዋጋ ማድረግ

ስም ማዛወሪያ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ በየዓመቱ ቦሎ አለ፣ ጎማ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ መልሶ መሸጥ አለ። እኛ አገር መኪና ቁጠባም ነው፤ ሰው ሲገዛ ነገ ስንት ይሸጣል ብሎ ነው። ያገለገለ ቶዮታ ገዢ አያጣም። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው የባትሪውን ጤና ነው፤ አዲሱ ሞዴል በወቅቱ የሚገባበት ዋጋም ይወስነዋል። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት አትገምቱ። የመግዣውን፣ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ወጪውን ደምሩና መሸጫውን ቀንሱ። «ዋጋ» የሚለው ረድፍ ላይ መግባት ያለበት ይህ ቁጥር ነው።

«አሁን አልገዛም» የሚለውንም እንደ አንድ አማራጭ በዓምዱ ላይ አስገቡት፤ ለራይድና ለታክሲ የሚወጣው ገንዘብ ተሰልቶ። አንዳንዴ ሁሉንም መኪና ይበልጣል።

በወሬ ነጥብ መስጠት

«ግጭት የለበትም፣ ቀለሙ ኦሪጅናል ነው፣ የሴት እጅ ነው።» ይህን ሰምቶ 9 የሚሰጥ አለ። ኪሎሜትር ወደ ኋላ እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል፣ ነጥብ ሲሰጥ ግን ይረሳዋል።

ያላያችሁትን ነገር በእርሳስ ጻፉት። ከዚያ ሂዱና እዩ። ኮፈኑን ክፈቱ፣ ኮፈኑንና ፓራፋንጎውን የያዙትን ብሎኖች ተመልከቱ። የብሎኑ ጭንቅላት ላይ ቀለም ከተላጠ ተፈትቶ ያውቃል ማለት ነው። የበሩን ላስቲክ በጣታችሁ ሳብ አድርጉና ከሥሩ ያለውን ላሜራ እዩ፤ የፋብሪካው የብየዳ ነጥቦች እኩል ተራርቀው ይታያሉ፤ እንደገና የተበየደ ላይ ግን ይዘባረቃሉ። ኪሎሜትሩ 60 ሺህ እያለ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ጠፍጥፎ ካለቀ አንዱ እየዋሸ ነው። ሞተሩን ጠዋት ሳይሞቅ አስነሱት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ሻጩ ያልመረጠው፣ እናንተ የምታምኑት መካኒክ ጋ ውሰዱት። ሻጩ ጋራዥ መሄድ እንቢ ካለ ይህም የማይታለፍ ነገር ነው፤ መኪናው ይውጣ።

ትንሽ የነጥብ ልዩነትን እንደ ድል ማየት

አንዱ 712፣ ሌላው 705 ወጣ። ይህ እኩል ነው። አንድ መስፈርት ላይ 7 የነበረውን 6 ብትሉት ይገለበጣል። ክብደቶቹን ትንሽ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ሞክሩት። አንደኛው ቦታውን የማይለቅ ከሆነ ውጤቱን እመኑት። የሚለቅ ከሆነ ሰንጠረዡ ሥራውን ጨርሷል፤ ሁለቱም ይሆኗችኋልና ልባችሁ ይምረጥ።

ያልተፈቀደው ሌላ ነው፦ የወደዳችሁት መኪና እስኪያሸንፍ ድረስ ክብደት መቀያየር። ውጤቱን አይታችሁ ቅር ካላችሁ መጀመሪያ «ምን መስፈርት ረሳሁ?» በሉ። እውነተኛ ነገር ካገኛችሁ ጻፉትና ለሁሉም መኪና ነጥብ ስጡበት። ካላገኛችሁ ቁጥሩን ተዉት።

እስከ መቼ ታስባላችሁ? ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1772 ለሳይንቲስቱ ለጆሴፍ ፕሪስትሊ በጻፈው ደብዳቤ የራሱን ዘዴ ነግሮታል። ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ የሚደግፈውንና የሚቃወመውን ምክንያት ሦስት አራት ቀን እየወሰደ ይጽፋል፤ እኩል የሚመዝኑትን ከሁለቱም ወገን ይሰርዛል፤ ከዚያ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ አዲስ ቁም ነገር ካልመጣለት ይወስናል። ለመኪናም ይህ ልክ ይመስለኛል። ደላላው «ዛሬ ካልሆነ» ቢልም ሳምንት ያህል ስጡት፤ ከዚያ በላይ ግን ጥሩ መኪና ቆሞ አይጠብቃችሁም። የጋራዡ ውጤት ከገባ፣ ሊብሬውና እገዳው ከተጣራ፣ በሁለት ቀን ውስጥም አዲስ ነገር ካልሰማችሁ ቀብዱን በጽሑፍ ውል ክፈሉ።