በታወቀ ዓለም ውስጥ የሚና ጨዋታ ስትመሩ፦ ችግርና መፍትሄ

ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ፣ ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱትን የሚና ጨዋታ ለመምራት ዓለሙን ከባዶ መፍጠር ግዴታ አይደለም። የደራሲው ቶልኪን የ"ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ" ዓለም፣ ሚድል ኧርዝ አለ። ስታር ዋርስ አለ። ሰው ያውቃቸዋል፣ ይወዳቸዋል። ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ፍቅር ነው።

ተጫዋቾቹ ተመልካች ሲሆኑ

ምልክቱ፦ ነገሩ ከበድ ሲል አንዱ "ለምን ጠንቋዩን ጋንዳልፍን አንጠራም?" ይላል። ወይም ጋንዳልፍ ራሱ ይመጣና ይገላግላቸዋል። ከዚያ ሁሉም ስልኩን መነካካት ይጀምራል።

መንስኤው፦ ትልቁ ታሪክ ባለቤት አለው። በቶልኪን ታሪክ ክፉውን ቀለበት የሚሸከመው ፍሮዶ ነው፤ ንጉሥ የሚሆነው አራጎርን ነው። ለእናንተ ሰዎች የተረፈ ሥራ የለም።

መፍትሄው፦ ዘመኑን ቀይሩ። ከሁሉም በላይ የሚሠራው ይሄ ነው። በቶልኪን አቆጣጠር ዘንዶው ስማውግ የተገደለው በሦስተኛው ዘመን፣ በ2941 ነው። ፍሮዶ ቀለበቱን ይዞ ከቤቱ የሚወጣው በ3018። በመሀል 77 ዓመት አለ፤ ቶልኪን ደግሞ ስለዚህ ጊዜ ብዙ አልጻፈም። በቶልኪን ዓለም የሚካሄደው የ"ዘ ዋን ሪንግ" የሚና ጨዋታ ሁለተኛ እትም ታሪኩን 2965 ላይ የሚጀምረው ይህን ክፍተት ለመጠቀም ነው ብዬ አምናለሁ።

ለምሳሌ 2993 ላይ ቁሙ። ድንኩ ባሊን ሞሪያን፣ የድንኮችን ጥንታዊ የተራራ ውስጥ ከተማ፣ መልሶ ለማቅናት ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል። ኤሬቦር በተባለው የድንኮች ተራራ ያለ ዘመዱ ደብዳቤ ጽፎ ለተጫዋቾቻችሁ ሰጠ፤ "በእጁ አድርሱልኝ" አለ። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ባሊን በ2994 እንደሚሞት ያውቃል። ደብዳቤው ይድረስ አይድረስ፣ ተሸካሚዎቹ በሕይወት ይውጡ አይውጡ ግን የትም አልተጻፈም። መጨረሻው መታወቁ ጨዋታውን አይገድለውም። እንዲያውም ተጫዋቾቹ የሞሪያን በር ሲያዩ የሚይዛቸው ፍርሃት ከዚሁ ዕውቀት ይመጣል።

"እንዲህ አይደለም!" የሚል ሰው ሲኖር

ምልክቱ፦ አንድ ተጫዋች በየደቂቃው ያርማችኋል። ሌሎቹ ዝም ይላሉ፣ ሙዱ ይበላሻል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም። የታሪኩን የትኛውን ቅጂ እንደምትከተሉ አልተስማማችሁም። በቶልኪን መጽሐፍ የጦር አዛዡ ፋራሚር ፍሮዶን በሰላም ይሸኘዋል፤ በፊልሙ ግን መጀመሪያ ይዞት ኦስጊሊያት ከተማ ድረስ ይወስደዋል። ስታር ዋርስ ደግሞ ይብሳል። የፊልሞቹ ባለቤት ሉካስፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 የቀድሞዎቹን ልቦለዶች ከዋናው ታሪክ አውጥቶ "ሌጀንድስ" ብሏቸዋል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ተከራክረው ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

መፍትሄው፦ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። መጽሐፉ ነው ፊልሙ? ከየትኛው ዓመት በፊት ያለው እንዳለ ይወሰዳል? ከዚያ ወዲህ የሚሆነው የእናንተ ነው። አዋቂውን ደግሞ አታፍኑት፤ ሥራ ስጡት። "የሮሃን ሰዎች እንግዳን እንዴት ይቀበላሉ?" ብላችሁ ጠይቁት። የሚያርመው ሰው የሚያግዝ ይሆናል።

አዲስ ሰው ግራ ሲገባው

ታሪኩን ያላነበበ ሰው ስም ሲዥጎደጎድበት ይደብረዋል። ግማሽ ገጽ ጻፉለት፦ የት ነን፣ ማንን እንፈራለን፣ ምን እንበላለን። ገጸ ባሕርዩንም ከሩቅ አገር የመጣ አድርጉለት፤ ያኔ አለማወቁ የጨዋታው አካል ይሆናል።

መሪው ራሱ ሲፈራ

ምልክቱ፦ የአንዲት መንደር ስም ለመስጠት ሦስት መጽሐፍ ታገላብጣላችሁ።

መንስኤው፦ ዓለሙን የምታበላሹት ይመስላችኋል።

መፍትሄው፦ ፍጠሩ። የጨዋታ አሳታሚው ዌስት ኤንድ ጌምስ የስታር ዋርስ የሚና ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1987 ሲያወጣ ፊልሞቹ ያልነገሩንን ብዙ ነገር ራሱ መሙላት ነበረበት። በኋላ ደራሲው ቲሞቲ ዛን በ1991 የታተመውን የስታር ዋርስ ልቦለዱን ሲጽፍ፣ እነዚያ የጨዋታ መጻሕፍት ማመሳከሪያ እንዲሆኑት ተልከውለታል። ለጠረጴዛ ጨዋታ የተፈጠረው ነገር ዓለሙን አሰፋው እንጂ አላፈረሰውም።

ዝነኛውን ሰው ልግደል ሲሉ

ተጫዋቹ የስታር ዋርሱ ክፉ ሹም ዳርዝ ቬደር ላይ ሽጉጡን ደገነ። "አይቻልም" አትበሉ፤ እንዲህ ያለው ክልከላ ጨዋታውን ያቀዘቅዘዋል። አደጋውን ንገሩትና ዳይሱን ይጣል። ቬደር ከወደቀ፣ ጌታው ንጉሠ ነገሥቱ በቦታው ማንን ይሾማል? ገዳዩንስ ማን ያሳድደዋል? የሚቀጥለውን ጨዋታ ከዚያ ጀምሩ።