የገና ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ፦ የባልሳም ፈር ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሚኒሶታ ውስጥ የገና ዛፍ በሚሸጥበት ሜዳ 9 የገና ሰሞን ሠርቻለሁ። በብዛት የምንሸጠው ባልሳም ፈር ነው። በምሥራቅ ካናዳና በሰሜናዊ አሜሪካ ግዛቶች ደን ሆኖ የሚበቅል፣ ሽታው አገር ቤት ያለውን ጥድ የሚያስታውስ ዛፍ ነው። ወገኖቻችን ይወዱታል፤ ሲደርቅባቸው የሚደውሉልኝም እነሱ ናቸው። ፈረንጆቹ ዲሴምበር 25 ካለፈ በኋላ ዛፋቸውን ያወጣሉ፤ እኛ ግን እስከ ጃንዋሪ 7 እናቆየዋለን። በኖቬምበር መጨረሻ የተገዛ ዛፍ ታኅሣሥ 29ን ለማየት 40 ቀን ያህል መቆም አለበት። እኛ የነቢያትን ጾም እንጾማለን፤ ዛፉ ግን ውኃ አይጾምም።

ቅጠሉ በሳምንቱ ይረግፋል፣ ውኃው ግን አይቀንስም

ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። «ውኃው አልቀነሰም» የሚሉኝ ሰዎች ደህና ምልክት ይመስላቸዋል። ጤነኛ ዛፍ በመጀመሪያው ቀን ብቻ እስከ 4 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ውኃው ካልቀነሰ ዛፉ አልጠጣም ማለት ነው።

ምክንያቱ ግንዱ መዘጋቱ ነው። የባልሳም ፈር ሙጫ ያለው ልጡ ውስጥ ነው፤ የለጋ ዛፍ ግንድ ላይ ውኃ የቋጠረ የሚመስሉ እብጠቶች አሉ፣ በጥፍር ሲጫኗቸው ፈርጠው ሙጫ ያፈሳሉ። ግንዱ ሲቆረጥ ይህ ሙጫ ከልጡ ዙሪያ እየወጣ በቁራጩ ፊት ላይ ይደርቃል። አሁን የተቆረጠ ግርጌ ላይ አውራ ጣቴን ሳሳርፍ ርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ በማግሥቱ ያንኑ ብነካው መሃሉ ደርቆ ዳር ዳሩ እጄ ላይ ይጣበቃል። በዚያ ላይ ውኃ ይስብ የነበረው እንጨት አየር ስቦ ይቆያል። ከዚያ በኋላ በርሜል ውኃ ውስጥ ቢያቆሙትም አይጠጣም።

አንድ ደንበኛ ዓርብ ዕለት ግርጌውን አስቆርጦ ወሰደ፤ ጋራዥ ውስጥ አስተኝቶት እሑድ ከቅዳሴ መልስ አቆመው። እኔ የቆረጥኩለት ሁሉ ከንቱ ሆነ። ከተቆረጠ በኋላ ያለው ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ነው። ዛሬ የማያቆሙት ከሆነ ባልዲ ውኃ ውስጥ አድርገው ቀዝቃዛ ቦታ ያቆዩት።

ሌላ ጊዜ አንዲት እናት «ልጄ፣ ውኃው ሞልቷል፣ ዛፉ ግን እየሞተብኝ ነው፣ ና እይልኝ» ብለው ጠሩኝ። በሆዴ ተኝቼ በስልኬ መብራት ከሥር አየሁት። ማቆሚያው መሃል ያለው ሹል ብረት ግንዱን ከፍ አድርጎ ይዞታል፤ የግንዱ ጫፍ ከውኃው በሦስት ጣት ያህል በላይ ተንጠልጥሏል። ውኃ አለ፣ ዛፉ ግን አልነካውም። ሳህኑም ቢሆን ከ1 ሊትር በላይ አይዝም ነበር። እንዲህ ያለውን ማቆሚያ የሚሠሩትም የሚሸጡትም ያናድዱኛል። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ግንድ 4 ሊትር የሚይዝ ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ያነሰው ሌሊቱን ይደርቃል፣ አንድ ሌሊት ከደረቀ ደግሞ ግርጌው እንደገና ይዘጋል።

ግንዱ ማቆሚያው ውስጥ አልገባ ሲል ዙሪያውን በመጥረቢያ የሚልጡ አሉ። እባክዎ አይላጡት! ውኃ የሚያመላልሰው ከልጡ ሥር ያለው የውጪኛው እንጨት ነው፤ እሱን ልጦ ዛፍ ይጠጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ማቆሚያውን ይለውጡ።

መፍትሄው አድካሚ ነው፤ አቋራጭ ግን የለውም። ጌጡንና መብራቱን ያውርዱ፣ ዛፉን ያስተኙ፣ ከግርጌው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር በመጋዝ ቀጥ አድርገው ይቁረጡ፣ ወዲያው ውኃ ውስጥ ያስገቡት። በሰያፍ አይቁረጡ። ግርጌውን በመሰርሰሪያ መብሳት አይረዳም። ስኳር፣ አስፕሪን፣ የፈላ ውኃ፣ ምንም አያስፈልግም፤ የቧንቧ ውኃ ይበቃል። ጠዋትና ማታ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። እንደገና ተቆርጦ በማግሥቱ ውኃው ካልቀነሰና ቅርንጫፉ ሲነካ ቅጠሉ የሚዘንብ ከሆነ ዛፉ አልቆለታል፣ ከቤት ያውጡት።

ውኃ ይጠጣል፣ በአንድ ጎን ብቻ ይደርቃል

ወለሉን ይመልከቱ፤ የማሞቂያው አየር ማውጫ እዚያ ነው። ዛፉን ያዛውሩት። በዚህ አጋጣሚ አጥብቄ የምለው አለ፦ ረከቦቱን ዛፉ አጠገብ አይዘርጉ። የከሰል ምድጃና የእጣን ማጨሻ ሙጫ ከሞላው ዛፍ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ልጆች በመሃላቸው ሲሯሯጡ አይቻለሁ። የደረቀ ፈር ከተያያዘ የሚያጠፉበት ጊዜ አይሰጥዎትም። ሻማና ጧፍም እንዲሁ። ሽቦው የተላጠ መብራት አይስቀሉ። ተኝተውም ሆነ ወጥተው ሳለ መብራቱ አይብራ።

ሙጫው ከእጅና ከምንጣፍ አልለቅ አለ

በውኃ አይለቅም። ይህ ሙጫ ተጣርቶ «የካናዳ ባልሳም» በሚል ስም የማይክሮስኮፕ ናሙና በመስታወት መሃል ለማጣበቅ ለረጅም ዘመን ያገለገለ ነው፤ ሲደርቅ ብርሃንን እንደ መስታወት ስለሚያሳልፍ የተመረጠ ማጣበቂያ። እጅዎን በምግብ ዘይት አሽተው በሳሙና ይታጠቡ። ለምንጣፉ አልኮል በጨርቅ ነክረው፣ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክረው ያብሱ።

ጥቃቅን ጥቁር ነፍሳት ወጡ

ክሽክሽ ናቸው፤ የቤቱ ሙቀት ቀስቅሷቸው ነው፣ አይናከሱም። ምንጣፍ ላይ አይጨፍልቋቸው፣ ቀለማቸው ይቀራል። በቫኪዩም ይሰብስቧቸው። የተባይ መድኃኒት ዛፍ ላይ አይርጩ፣ በተለይ መብራት እየበራ፤ የሚረጨው ነገር ተቀጣጣይ ነው።

የተጠማዘዘ ቅጠል ክሽክሽ እርሻው ላይ የተወው ምልክት ነው፤ መልኩን እንጂ ዕድሜውን አይነካም። ደኑን የሚጨርሰው «የስፕሩስ ቡቃያ ትል» ስሙ ስፕሩስ የሚባለው የሌላ ዛፍ ይሁን እንጂ ከሁሉ አብልጦ የሚበላው ባልሳም ፈርን ነው፤ ሳሎን ውስጥ ግን አያሳስብዎትም።

ሁሉንም አድርጌ ረገፈ

ቅጠሉን በጣቶችዎ መሃል ያንከባልሉት። ጠፍጣፋ ሆኖ ካልተንከባለለና ከሥሩ ሁለት ነጭ መስመር ካለው ፈር ነው። ማዕዘን ኖሮት ከተንከባለለና ከወጋዎት ስፕሩስ ሸጠውልዎታል፤ እሱ ፈጥኖ ይረግፋል። ለሚመጣው ዓመት ለገና የሚፈልጉት ከሆነ በዲሴምበር አጋማሽ ይግዙ። ከተማዎ የተጣሉ ዛፎችን የሚሰበስብበትን የመጨረሻ ቀን አስቀድመው ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ቦታ እኛ ገናን እያከበርን ያልፋል። ቀኑ አለፈ ብለው ግን ቅርንጫፉን በቤት ውስጥ ምድጃ አያንድዱ።