ወገቡን የሳተ ፍሮክ ኮት

ባለፈው ጥር ጎንደር ፒያሳ ላይ አንድ ሙሽራ አየሁ። ጥቁር ረጅም ኮት ለብሷል። ከሩቅ ግርማ ሞገስ ነበረው። ቀረብ ስል ግን የኮቱ የወገብ ስፌት ዳሌው ላይ ወርዷል፣ ጀርባው ተነፍቷል። ብዙ ብር እንደወጣበት ያስታውቃል። ከልቤ አዘንኩ። ፍሮክ ኮት ለማሰፋት ያሰቡ ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ የምነግራቸውን ዛሬ ለእናንተም ልጻፈው።

የመጀመሪያው ስህተት ረጅም ኮት ሁሉ ፍሮክ ኮት ይመስለናል። ካፖርት ከትከሻ እስከ ታች ወጥ ሆኖ ይወርዳል። ፍሮክ ኮት ግን ወገቡ ላይ ዙሪያውን ስፌት አለው። ከስፌቱ በታች ያለው ለብቻው ተቆርጦ እንደ ቀሚስ የተቀጠለ ነው፤ ፊቱም ኋላውም እኩል ጉልበት አካባቢ ይደርሳል። ፊቱ ተቆርጦ ወደ ኋላ የሚሸሸው ሞርኒንግ ኮት ይባላል፣ ሌላ ልብስ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስታዩ የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ። ወገቡ ላይ ሁለት ቁልፍ፣ በመሃላቸው ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ ካለ ሰፊው ሥራውን ያውቃል።

ዘመን ማምታታትም አለ። «ከፋሲል ግንብ ጋር ይሄዳል» ብለው ዳንቴልና ትልልቅ የብረት ቁልፍ የሚያስጨምሩ አሉ። ግንቡ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፍሮክ ኮት የነገሠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ አውሮፓ ውስጥ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ ከቤተ መንግሥት የደንብ ልብስነት ያስቀረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ነው። ጣልያን ጎንደር የገባውም በዚያው ዓመት ነው። ግንቡ ሥር ፎቶ ተነሡ፣ ያምራል። ግን ኮቱ እንዳለ ይሁን፤ ውበቱ አቆራረጡ ላይ ነው።

ጨርቁን በዓይን ብቻ መግዛት ደግሞ ብዙ ሰው ያስቆጫል። ሻጩ ሁሉ «ሱፍ ነው» ይላል። ከውስጥ ጠርዙ አንዲት ክር ምዘዙና በክብሪት ለኩሷት። ሱፍ ከሆነ ፀጉር ሲያር የሚሸተው ዓይነት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲታሽ ይደቅቃል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የጥር ፀሐይ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዘንድ ቀትር ላይ በፖሊስተር የቆመ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ገበሩንም አትርሱ። ላዩ ሱፍ ሆኖ ገበሩ ፖሊስተር ከሆነ ላቡ ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወገቡ። ብዙዎቻችን ለሰፊው የሱሪያችንን ልክ እንሰጣለን። ዛሬ ሱሪ የምንታጠቀው ዳሌ ላይ ነው፣ ኮቱም አብሮ ይወርዳል። እንዲህ አድርጉ። ሆዳችሁ ላይ ሲባጎ እሰሩና ወደ ጎን ጎንበስ በሉ። ሰውነታችሁ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ሲባጎው ራሱ ይቀመጣል፤ ወገባችሁ እሱ ነው። ከዚያ ማጅራት ላይ ጎላ ብሎ ከሚወጣው አጥንት እስከ ሲባጎው ድረስ ሰው በሜትር ይለካላችሁ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ለሰፊው ስጡት። ከደረት ልክ በላይ የሚጠቅመው ይሄ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ከልባሽ ጨርቅ መሃል ብታገኙም ሕጉ አይለወጥም። የእጅ ርዝመት ይስተካከላል። ጎንና ጎኑ ትርፍ ካለው ይሰፋል። ትከሻና የወገብ ስፌት ግን አይነካም። እኔ አንድ ጊዜ «እናወርደዋለን» ያለኝን ሰፊ አምኜ ከፈልኩ። ስፌቱን ሲፈታው ውስጡ የቀረው ትርፍ ጨርቅ የጣት ውፍረት እንኳ አይሆንም። ያ ጥሩ ሱፍ ዛሬም ተፈትቶ ፌስታል ውስጥ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

አዲስ የምታሰፉ ከሆነ ሱፉ ከመቆረጡ በፊት በአቡጀዲ ይሰፋላችሁ። ሰፊው «ምን አስፈለገ፣ ልክ ወስጃለሁ» ይል ይሆናል። ለአቡጀዲውም ለድካሙም ክፈሉትና እሺ አሰኙት። የአቡጀዲውን ልብስ ለብሳችሁ ተቀመጡ፣ እጃችሁን አንሡ፣ ደረጃ ውጡ። እጅ ሲነሣ ወገቡ አብሮ ከተነሣ ብብቱ ዝቅ ብሎ ተቆርጧል ማለት ነው። ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሰፊዬ አቡጀዲው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ብብቱን ሁለት ጣት ከፍ አደረጉት። የኮቱ መልክ ያኔ ተለወጠ።

ሱሪው ዳሌ ላይ ከቀረ ይሄ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። ሱሪው ከፍ ይበል፣ ሰደርያው የሱሪውን ወገብ ይሸፍን። በመሃል ነጭ ሸሚዝ ብቅ ካለ ወገቡ ይቆረጣል። ግራጫ ባለ መስመር ሱሪ ከጥቁር ኮት ጋር የቆየ ወግ ነው። ልብሱ የቀን መሆኑንም አስቡ፤ ለማታው ግብዣ ሌላ ቀይሩ።

ስልክ የደረት ኪስ ውስጥ አትክተቱ፣ ፊቱን ይጎትተዋል። ዱሮ ኪሱ ከኋላ እጥፋቱ ውስጥ ተደብቆ ይሰፋ ነበር፤ ሰፊያችሁን ጠይቁት፣ ከባድ ሥራ አይደለም።

ካውያ በቀጥታ ሱፉ ላይ ካረፈ ያብለጨልጫል፣ ለመመለስም ያስቸግራል። እርጥብ ነጠላ ጨርቅ ጣል አድርጉበትና በላዩ ተኩሱ። ከክረምት በፊት በብሩሽ አራግፋችሁ ፀሐይ አስመቱት፤ ብል የሚወደው ላብ የነካውን ሱፍ ነው። ስትሰቅሉትም በቀጭን ሽቦ ሳይሆን ትከሻው ሰፋ ባለ የእንጨት መስቀያ ይሁን።